ከባንኮኒው ማዶ የቆመው ሰው

ባለፈው የዒድ አል-ፈጥር በዓል ማግስት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ልትዘይረን ቤታችን መጣች። ልጅቱ ከሰባት ዓመት በፊት ወደ አሜሪካ ሄዳ በዋሽንግተን አካባቢ ከዘመዶቿ ጋር የምትኖር ስትሆን፣ ዛሬ የፋርማሲ ትምህርቷን በማገባደድ ላይ ትገኛለች። ባለቤቴ ቡና አፍልታ፣ ሙሸበክና ተምር አቅርባ ጨዋታው ሞቅ ሲል እርሷ ግን ዝምታ አበዛች። ልጆቹ ወደ ውጭ እስኪወጡ ጠብቃም፣ «ኡስታዝ፣ በልቤ ተሸክሜ የመጣሁት ነገር አለ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከትምህርቷ ጎን ለጎን በአንድ መድኃኒት ቤት በልምምድ ትሠራለች። አንድ ምሽት አንድ ሰው የሐኪም ማዘዣ ይዞ መጣ። ማዘዣው ቡፕረኖርፊን የተባለ፣ ከምላስ ሥር የሚሟሟና በኦፒዮይድ ሱስ ለተያዙ ሰዎች የሚሰጥ መድኃኒት ነበር። ቀና ብላ ስታየው ታውቀዋለች። በረመዷን በመስጊዳቸው ለአፍጥር ተምርና ውኃ የሚያድል፣ ታክሲ ነጂ የሆነ ያገሯ ልጅ ነው። እርሱም አወቃትና አንገቱን ደፋ።

«ፊቴ እንደተለወጠ ለራሴም ታውቆኛል» አለች። «ይህ ሰው እንዲህ ነው እንዴ? አልኩ በልቤ። ከዚያም መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ እያለ የለንም አልኩት። ጀዛኪላህ ኸይር እህቴ ብሎኝ ወጣ። ከዚያ ምሽት በኋላ መስጊድ አላየሁትም።»

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ በመስጊዱ ሴቶች ዘንድ ወሬ ተሰማ። ሰውየው በታክሲው ውስጥ ትንፋሹ ሊቆም ሲል ተገኝቶ፣ አንድ የሥራ ባልደረባው በአፍንጫ የሚረጨውን ናሎክሶን የተባለ መድኃኒት ሰጥቶት በአላህ ፈቃድ ነፍሱ ተርፏል። ልጅቱ ይህን ስትነግረኝ ስሙን አልጠራችልኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። የታማሚ ምስጢር አማና ነውና።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ቀጥላ የተናገረችው ነው። «ኡስታዝ፣ አይቀየሙኝና፣ ያን ሰው ሳየው መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው እርስዎ በፀረ-አደንዛዥ ዕፅ ክበባችን ሰሌዳ ላይ የጻፉት ዓረፍተ ነገር ነበር።» ዓረፍተ ነገሩን ረስቼው ነበር፤ እርሷ ግን አልረሳችውም። «ሱሰኛ የቤተሰቡ ሸክም፣ የአገሩ ውርደት ነው» የሚል ነበር። እርሷ ራሷ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ በተማሪዎች ፊት እንድታነበው አድርጌያለሁ። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ የእርሷ ጥፋት ብቻ ሳይሆን የእኔም ጭምር መሆኑን አንባብያን ይወቁልኝ።

የአንዲት ልጅ ነገር ብቻ አይደለም

(ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካም ሆነ በሌሎች አገሮች በፋርማሲና በሌሎች የጤና ሙያ ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት አንድ ነገር አለ። ይኸውም ተማሪው ለስኳር ወይም ለደም ግፊት በሽተኛ የሚሰጠውን አክብሮትና ርኅራኄ በኦፒዮይድ ሱስ ለተያዘው ሰው አይሰጥም። የመጀመሪያው «ታማሚ» ሲሆን ሁለተኛው «ጥፋተኛ» ሆኖ ይታየዋል።

ይህ አመለካከት ደግሞ በልብ ተደብቆ አይቀርም። በ2021 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አጥኚዎች ታማሚ መስለው ከ900 በላይ ወደሚሆኑ መድኃኒት ቤቶች ስልክ እየደወሉ ቡፕረኖርፊን ይገኝ እንደሆነ ጠይቀው ነበር። መድኃኒት ቤቶቹ የተመረጡት በሱስ ሳቢያ ብዙ ሰው ከሚሞትባቸው ወረዳዎች ነው። ሆኖም ከአምስቱ አንዱ ያህል መድኃኒቱን ለመስጠት ፈቃደኛ እንዳልሆነ ገለጸ። የተማሪዬ «የለንም» የእርሷ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ቃልም ራሱ ይፈርዳል። በ2010 በወጣ ሌላ ጥናት ከ500 ለሚበልጡ የአእምሮ ጤናና የሱስ ሕክምና ባለሙያዎች የአንድ ሰው ታሪክ ተሰጣቸው። ታሪኩ አንድ ሲሆን፣ ለግማሾቹ ሰውየው «ዕፅ አላግባብ የሚጠቀም» ተብሎ፣ ለግማሾቹ ደግሞ «የዕፅ ሱስ ሕመም ያለበት ሰው» ተብሎ ቀረበ። በመጀመሪያው ስም ያነበቡት ባለሙያዎች ሰውየውን ይበልጥ ጥፋተኛ አድርገው አዩት፤ ቅጣት ይገባዋል ወደማለትም አዘነበሉ። የተማሩና በሙያው የዋሉ ሰዎች በአንዲት ስም ምክንያት ፍርዳቸው ይህን ያህል ከተለወጠ፣ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ልብ ውስጥ ምን ሊሠራ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በአንጻሩ ጥናቶቹ ተስፋም ይሰጣሉ። ተማሪዎች ከሱስ ያገገመ ሰው ክፍላቸው ድረስ መጥቶ ታሪኩን ሲያጫውታቸው፣ ናሎክሶን አሰጣጥንም በእጃቸው ሲለማመዱ አመለካከታቸው ይሻሻላል። ጥላቻው ከዕውቀት ማነስ የመጣ ነውና በዕውቀት ይታከማል።

ይህ ሕመም ምንድን ነው?

ኦፒዮይድ የሚባሉት ከፖፒ ተክል ከሚገኘው ከኦፒየም ወይም በዐረብኛው አፍዩን ከሚባለው የተገኙ፣ ወይም በፋብሪካ የእርሱን ዓይነት ጠባይ ይዘው የተሠሩ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ሞርፊን፣ ኮዴይን፣ ፔቲዲን፣ ትራማዶልና ፌንታኒል ከእነዚሁ ወገን ናቸው። ሰውነታችን አላህ ያደረገለት የራሱ የሕመም ማስታገሻ አለው። ኦፒዮይዶችም ያ የተፈጥሮ ማስታገሻ በሚገባበት በር ገብተው ሕመምን ያደነዝዛሉ፤ ደስታን ይሰጣሉ፤ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ትንፋሽን ያቆማሉ።

መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት ይለምደዋል። ትናንት የበቃው መጠን ዛሬ አይበቃም። በድንገት ሲቋረጥም ማዛጋት፣ የዓይንና የአፍንጫ መፍሰስ፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጡንቻ ቁርጥማት፣ ተቅማጥና እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ። በዚህ ጊዜ ሰውየው መድኃኒቱን የሚፈልገው ለደስታ ሳይሆን ከሥቃይ ለማምለጥ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ትቶት የቆየ ሰው የቀድሞውን መጠን መልሶ ሲወስድ ነው። ሰውነቱ ልምዱን አጥቷልና በዚያው ሊሞት ይችላል።

የመድኃኒት ቤት ሰዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሙያቸው ተመልካች ሆኖ አያውቅም። በ1804 ገደማ ሞርፊንን ከኦፒየም ለይቶ ያወጣው ዘርቱርነር የተባለ በጀርመን አገር የመድኃኒት ቀማሚ ረዳት የነበረ ወጣት ነው። በራሱና በሦስት ወጣቶች ላይ ሞክሮት ሁሉም ለአደጋ ተዳርገው ነበር። በ1898 ባየር የተባለው ኩባንያ ሄሮይንን የሳል መድኃኒት ብሎ ገበያ ላይ አዋለ፤ እንደ ሞርፊን ሱስ አያስይዝም ተብሎም ተነገረለት። በ1996 ደግሞ ኦክሲኮንቲን የተባለው እንክብል በአሜሪካ ለገበያ ቀረበ፤ የሱስ አደጋው ጥቂት እንደሆነ ለሐኪሞች ተሰበከ። አምራቹ ፐርዱ ፋርማ በ2020 በፍርድ ቤት ጥፋተኛነቱን እስከ ማመን ደረሰ። በመካከሉ ግን ስንቱ ረገፈ! በ2022 ብቻ ከመጠን ባለፈ ዕፅና መድኃኒት ሳቢያ በአሜሪካ ከ107,000 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከእነዚህ መካከል ወደ 82,000 የሚጠጉት ሞት ኦፒዮይድ ነበረበት። በ2024 ቁጥሩ በእጅጉ ቢቀንስም ዛሬም የሚያልቀው ሰው ብዙ ነው።

ያ ታክሲ ነጂ ከመንገድ ዳር ዕፅ ገዝቶ አልጀመረም። በመኪና አደጋ ወገቡ ተጎድቶ፣ ሐኪም አዝዞለት፣ ከእንዲህ ዓይነቱ ባንኮኒ ላይ በፈገግታ የተሰጠውን እንክብል በመውሰድ ነው የጀመረው። በሽታውን ያገኘው ከባንኮኒው ነው፤ ለመዳን ወደ ባንኮኒው ሲመለስ ግን በሩ ተዘጋበት።

«አንዱን ሱስ በሌላ መተካት»

ብዙ ተማሪዎች፣ ብዙ ወላጆችም፣ «ቡፕረኖርፊንና ሜታዶን ራሳቸው ኦፒዮይድ አይደሉምን? ታዲያ ይህ አንዱን ሱስ በሌላ መተካት እንጂ ምን ሕክምና ነው?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነውና መልስ ይሻል።

እነዚህ መድኃኒቶች በትክክለኛው መጠን በሐኪም ቁጥጥር ሲሰጡ ሰውየውን አያሰክሩትም። ሥቃዩን አስታግሰው፣ ምኞቱን አብርደው፣ ወደ ሥራውና ወደ ልጆቹ ይመልሱታል። ቡፕረኖርፊን በተለይ በሩን በከፊል ብቻ እንደሚከፍት ቁልፍ ነው፤ ቀዳዳውን ይዞ ሌላው እንዳይገባ ይከለክላል፤ የራሱ ኃይል ግን ከተወሰነ ደረጃ አያልፍም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2005 ሁለቱንም መሠረታዊ ከሆኑ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም በሕክምናው ላይ የቆየ ሰው የመሞት ዕድሉ ካልታከመው ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ያመለክታሉ። የስኳር በሽተኛ ኢንሱሊን ሲወጋ «የመርፌ ሱሰኛ» የሚለው የለም።

ዲናችን ምን ያስተምረናል?

ኢስላም በሚያሰክር ነገር ላይ ያለው አቋም የማያሻማ ነው። የሚያሰክር ሁሉ ሐራም ነው። ይህን ማንም ሊያላላው አይችልም። ነገር ግን ነገሩን መጥላትና ሰውየውን መጣል ለየቅል ናቸው።

ኢማሙ ቡኻሪ ከሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) ይዘው እንደዘገቡት፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ዐብደላህ የሚባል፣ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ያስቃቸው የነበረ ሰው ነበር። ይህ ሰው በመጠጥ ምክንያት እየተያዘ ይቀጣ ነበር። አንድ ቀን ዳግም ተይዞ ሲቀርብ ከተሰበሰቡት አንዱ በመመላለሱ ተናዶ ረገመው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን እንዳይረግሙት ከለከሉ፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድም መሰከሩለት። በሌላም ሐዲስ ሰክሮ የተያዘን ሰው አላህ ያዋርድህ ያለውን ሰው፣ በወንድማችሁ ላይ የሸይጧን ረዳት አትሁኑ ሲሉ ገሥጸውታል።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ልብ በል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቅጣቱን አላስቀሩም፤ መጠጡንም ሐላል አላደረጉም። የከለከሉት ማዋረድን ነው። ምክንያቱም የተዋረደ ሰው ከጀመዓው ይርቃል፤ ከጀመዓው የራቀውን ደግሞ ሸይጧን ብቻውን ያገኘዋል። ተማሪዬ «ከዚያ ምሽት በኋላ መስጊድ አላየሁትም» ያለችው ይህንኑ ነው።

ለእያንዳንዱ በሽታ አላህ መድኃኒት ማውረዱን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። አንዲት ነፍስ ማትረፍም የሰው ልጆችን ሁሉ እንደማትረፍ መሆኑ በሱረቱል ማኢዳ ቁጥር 32 ላይ ተነግሯል። የቀደሙት ሙስሊም ሊቃውንትም ይህን ሙያ ያከበሩት በዚህ መንፈስ ነበር። አል-ቢሩኒ በሕይወቱ መጨረሻ ስለ መድኃኒቶች ኪታብ አዘጋጅቷል። ኢብን ሲና በታላቁ የሕክምና መጽሐፉ ስለ አፍዩን የማደንዘዝ ኃይልም ስለ አደጋውም ጽፏል። በጥንታዊ የኢስላም ከተሞች ሙሕተሲቡ የመድኃኒት ሻጮችን ሥራ ይቆጣጠር የነበረውም መድኃኒት አማና ስለሆነ ነው።

በእኛ ዘመንም ምሳሌ አለ። በማሌዥያ ዋና ከተማ በኳላ ሉምፑር የሚገኘው የአር-ረሕማን መስጊድ በ2010 ከማላያ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር በመሆን ለሱስ ታማሚዎች በመስጊዱ ግቢ ሜታዶን መስጠት ጀምሯል። ታማሚው መድኃኒቱን ወስዶ እዚያው ይሰግዳል፤ ከዒልም ሰዎች ጋር ይቀመጣል፤ ምክር ይሰማል። መስጊዱ ሱሱን አላጸደቀም፤ በሽተኛውን አስጠጋ እንጂ። ስለ እያንዳንዱ መድኃኒት ሐላልነት ጥያቄ ያለው ሰው ዑለማን ከታመነ ሐኪም ጋር አገናኝቶ ይጠይቅ። በግምት ሐራም ብሎ ሰውን ከሕክምና መመለስ ግን ከባድ ኃላፊነት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ

ይህ የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ናይጄሪያ በ2018 ኮዴይን ያለበትን የሳል ሽሮፕ እንዳይመረትና እንዳይገባ ለመከልከል የተገደደችው ወጣቷ እያለቀባት ስለመጣ ነው። በእኛም ከተሞች ትራማዶል ያለ ማዘዣ የሚለምን ወጣት ለመድኃኒት ቤት ሠራተኛ እንግዳ አይደለም። ፔቲዲን በእጃቸው ስለሚገባ በዚያው የተያዙ የጤና ባለሙያዎችም አሉ። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ በጫት ላይ የሚያሳልፍ ሰው ደግሞ ስለ ሌላው ሱስ ሲፈርድ መስማት የተለመደ ነው።

የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ጥርጣሬው መሠረት የለውም አልልም። የተጭበረበረ ማዘዣ ይመጣል፤ የሚያስፈራራም አለ፤ ሕጉን የጣሰ ባለሙያ ፈቃዱን ያጣል። ቁጥጥር የተደረገበትን መድኃኒት ያለ ማዘዣ መስጠት ራሱ ሰው መጉዳት ነው። ነገር ግን መከልከልና ማዋረድ ሁለት ነገሮች ናቸው። «ውጣ ከዚህ!» ማለትም ይቻላል፤ «ወንድሜ፣ ይህን ያለ ማዘዣ ልሰጥህ አልችልም፤ ሕመም ካለብህ ግን የምትታከምበትን ላመላክትህ» ማለትም ይቻላል። መድኃኒቱ በሁለቱም አልተሰጠም፤ ሰውየው ግን በሁለተኛው አልጠፋም። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና የሚሰጥ መሆኑን እንኳ ብዙ ሰው አያውቅም።

ስለዚህ ለፋርማሲ ተማሪዎቻችን ይህን እመክራለሁ። አንደኛ፣ ሰውየውን በስሙ እንጂ በሱሱ አትጥሩት። ሁለተኛ፣ ስለ መድኃኒቱ ስታስረዱት ከሰው ጆሮ ፈቀቅ አድርጋችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ይሁን። ሦስተኛ፣ ትክክለኛ ማዘዣ ይዞ የመጣን ሰው በመልኩ ወይም በልብሱ አትመልሱት፤ ከተጠራጠራችሁ ያዘዘውን ሐኪም ጠይቁ። አራተኛ፣ መድኃኒቱ እያለ የለም አትበሉ፤ ውሸት ነውና።

ለቤተሰብም ጥቂት ቃል አለኝ። ልጃችሁ ወይም ባለቤታችሁ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ሲታዘዝለት ለስንት ቀን እንደሆነና እንዴት እንደሚቆም ጠይቁ። የተረፈውን እንክብል ሳጥን ውስጥ አታኑሩ፤ ለጎረቤትም አታውሱ። ሰው ከንፈሩ ጠቁሮ ወይም ሰማያዊ መስሎ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ጠቦ፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ፣ ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ ተኝቷል ብላችሁ አትተዉት፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ወዲያው አምቡላንስ ጥሩ። በውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ናሎክሶን በቤታችሁና በመስጊዳችሁ ይኑር። በአሜሪካ ከ2023 ጀምሮ በአፍንጫ የሚረጨው ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቅዷል። የናሎክሶን ኃይል ከኦፒዮይዱ ቀድሞ ሊያልቅ ስለሚችል ሰውየው ቢነቃም ሆስፒታል መድረስ አለበት።

የሰው ሐቅ

ተማሪዬ በመጨረሻ፣ «ኡስታዝ፣ አላህ ይምረኝ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። የአላህ እዝነት ሰፊ መሆኑን ነገርኳት። ነገር ግን በመካከሉ የሰው ሐቅ አለበትና፣ «ሰውየውን ፈልገሽ ዐፍው በይኝ ልትዪው ይገባል፤ ስትፈልጊው ግን ምስጢሩን እንዳታወጪ ተጠንቀቂ፤ አንዱን ጥፋት በሌላ አታርሚ» አልኳት። እኔም በበኩሌ ያን ዓረፍተ ነገር ስላስተማርኳት ዐፍው ጠየቅኋት። እንባዋ መጣ፤ የእኔም አልቀረም።

በቅርቡ ደውላልኝ ነበር። ሰውየውን እስካሁን አላገኘችውም። ሌላ መድኃኒት ቤት እየሄደ ሕክምናውን እንደቀጠለ ግን ሰምታለች፤ አልሐምዱ ሊላህ። እርሷም የመስጊዱን ኢማም አስፈቅዳ ለወጣቶችና ለታክሲ ነጂዎች የናሎክሶን ሥልጠና ለመስጠት እየተዘጋጀች ነው። «ድንገት ከሚመጡት መካከል ይኖር ይሆናል» አለችኝ።

እኔም በዘንድሮው የክበባችን ስብሰባ ያንን ሰሌዳ አጥፍቼ ለተማሪዎቼ የዐብደላህን ታሪክ ነገርኳቸው። ከመካከላቸው አንዱ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ወንድሜን እንዴት ልርዳው?» አለኝ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም።

አላህ (ሱ.ወ.) የታመሙትን ይማርልን፤ በሱስ የተያዙትን ነጻ ያውጣልን፤ እኛንም በወንድሞቻችን ላይ የሸይጧን ረዳት ከመሆን ይጠብቀን። አሚን።